የውሃ አባት

በቆቦ ሜዳ ማሽላው የሚያፈራው ከምዕራቡ ደጋ በሚወርደው ጎርፍ ጭምር ነው። ገበሬው ጎርፉን በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል፤ ተራውን የሚደለድለው የውሃ አባት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ገበሬ ጠንቋይ ቤት ሄደ። ጠንቋዩም፣ «የውሃ አባት ትሆናለህ፤ ተራራው ወርዶ ከማሳህ እስኪተኛ ድረስ የሚነካህ የለም» አለው። ለሚስቱ ቢነግራት፣ «ታዲያ አጎትህ እያሉ እንዴት ትሾማለህ?» አለችው።

የውሃ አባቱ አጎቱ ነበሩ። በዚያው ሌሊት ቦዩ ዳር አገኛቸው። «ልጄ፣ ዛሬ ተራው ያንተ ነው፤ ውሃውን ልለቅልህ መጣሁ» አሉት። በዶማ መታቸው። እጁን በቦዩ ታጠበ፤ ውሃው ወደ ገዛ ማሽላው ይወርድ ነበር።

«ጎርፍ ወሰዳቸው» ተባለ፤ እሱም ተሾመ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። የሟቹን ልጅ አገር አስለቀቀው፤ ቀና ብሎ ያየውን ሁሉ ተራ ነሳው። በክረምቱ ከባድ ጎርፍ ሲመጣ ለጠለፋው ሰው ቢጣራ አንድም የወጣ የለም። ሲነጋ ድንጋዩ፣ ደለሉ፣ ከነሥሩ የተነቀለው ዛፍ ማሳውን ሞልቶት ተገኘ። ተራራው ወርዶ ነበር። ሰውየው ከሽማግሌዎች እግር ወድቆ ደሙን ተናዘዘ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ማክቤዝ» ነገሩ ይኸው ነው። ትንቢቱ ማክቤዝን ግደል አላለውም፤ ያስቸኮለው የገዛ ምኞቱ ነው። አንዴ ከገደለ በኋላም ወንበሩን ለማቆየት ሌላ ደም አስፈለገው።

ከቆቦ ብዙ ሳይርቅ፣ ላስታ ላይ የሚነገረው ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡትና እናቱ ንግሥናውን ተነበየች። ገድሉ እንደሚለው፣ በቅናት መርዝ ተሰጠው፤ ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ። ላሊበላ ግን ለዙፋን ብሎ ሰይፍ አልመዘዘም፤ ወንድሙ ንጉሥ ሐርቤ በመጨረሻ መንበሩን ለቀቀለት።

ሹመት የምትመኝ ወንድሜ ሆይ፣ ያንተ ከሆነ ያለ ደም ይደርስሃል። ያለ ደም የማይገኝ ከሆነ ግን ያንተ አይደለምና ይቅርብህ።