ፈቃዱን በዕለት ኑሮአችን መለየት



«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለውን ቃል አዘውትረን የምንሰማው በለቅሶ ቤት ነው። ሐዘንተኛው አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ጎረቤት ይህንኑ ቃል ይዞ ይገባል፤ መልካም ማጽናኛም ነው። ነገር ግን ልጅ ለመዳር፣ መሬት ለማከራየት፣ ከወንድማችን ጋር ለመካሰስ ስንነሣ ፈቃዱን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ዕቅዳችንን ሁሉ ለራሳችን አስቀርተን፣ ሞትንና ድርቅን ብቻ ለእርሱ የሰጠነው ይመስላል።

አቋራጭ መንገድ የምንፈልግም አለን። ዓይናችንን ጨፍነን መጽሐፍ ቅዱስን እንገልጥና ጣታችን ያረፈበትን ጥቅስ እንደ ዕጣ እንቈጥረዋለን። (ጥቅሱ ካልተስማማን ዳግመኛ እንደምንገልጥ ግን እናውቃለን።) ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 12 የሚመክረን፣ አእምሮአችን ታድሶ ፈቃዱን ፈትነን እንድንለይ ነው፤ መፈተንም ጊዜን ይጠይቃል።

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ይህን የተማረው በሕመም አልጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 ዓ.ም. በፓምፕሎና ውጊያ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰብሮት ለወራት በቤተ ሰቡ ቤት ተኛ። የጀግኖችን ተረት ለማንበብ ቢጠይቅ አልተገኘለትም፤ የተሰጠው የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ነበር። ስለ ዓለማዊ ክብርና ስለ አንዲት እመቤት ሲያልም ደስ ይለዋል፤ ሐሳቡ ሲያልፍ ግን ልቡ ደርቆ ይቀራል። ቅዱሳንን ስለ መምሰል ሲያስብ ግን ሐሳቡ ካለፈ በኋላም ደስታው አይለየውም። ልዩነቱን በአንድ ቀን አላስተዋለውም። ሐሳቡ ሲመጣ ከሚሰማን ይልቅ ካለፈ በኋላ በልባችን የሚቀረውን እንድንመለከት ያስተማረን ከዚህ ተነሥቶ ነው።

በየቁምስናችን ብዙ ቤተ ሰብን የሚያስጨንቅ ጥያቄ እንውሰድ። አንድ አባት፣ «ልጄ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ልሂድ ትላለች፤ ፈቃዱ ነውን?» ሲል ጠየቀን። አዎን ወይም አይደለም ብንለው በወደደ ነበር። እኛ ግን አስቀድመን የጠየቅነው ጉዞው በሐሰተኛ ዕድሜና በሕገ ወጥ ደላላ እንዳይሆን ነው፤ ሐሰት ባለበት ፈቃዱን መመርመር አያስፈልግም፣ ትእዛዙ አስቀድሞ ተሰጥቶናልና። ቀጥሎም ምክንያቱን ጠየቅን፦ የታናናሾቿ ትምህርት ነውን ወይስ ጎረቤት የሠራው አዲስ ቤት? ሄደው የተመለሱትን ጠይቃችኋልን? በተጣላችሁበት ሌሊት የተቈረጠ ውሳኔ አይደለምን? ቅዱስ ኢግናጥዮስ ነፍስ በጨለማና በኀዘን ሳለች፣ ቀድሞ በሰላም ጊዜ የያዝነውን ውሳኔ እንዳንለውጥ አጥብቆ ይመክራልና። ሁለት ቅን ቤተ ሰቦች እንዲህ መርምረው፣ የአንዱ ልጅ ልትሄድ የሌላው ልትቀር ትችላለች፤ ይህ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ያ አባት ከብዙ ሳምንት በኋላ ከቅዳሴ ስንወጣ አገኘን። ገና አልወሰኑም ነበር። ነገር ግን ማታ ማታ አብረው መጸለይ ጀምረዋል፤ አንድ ምሽትም፣ ከዚያ በፊት ጠይቋት የማያውቀውን፣ «አንቺስ በጸሎትሽ ምን አገኘሽ?» ሲል ልጁን ጠይቋታል።