ሽማግሌው የተከሉት የዋልነት ዛፍ

 

አቡ ደርዳእን (ረዲየላሁ ዓንሁ) ታውቋቸዋላችሁ፤ ደማስቆ ላይ ቃዲ የነበሩት ታላቅ ሰሓባ። በእርጅናቸው ዘመን የዋልነት ችግኝ ሲተክሉ አንድ ሰው አያቸውና ተገረመ። ዛሬ ነገ የሚሞት ሽማግሌ፣ ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ ለሚያፈራ ዛፍ ምን ያደክመዋል ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም አጅሩን እኔ ካገኘሁ፣ ፍሬውን ሌላው ቢበላው ምን ይጎዳኛል የሚል መልስ እንደሰጡት ተዘግቧል።

(በነገራችን ላይ፣ እኛ ከመሬት ቆፍረን የምናወጣውን ኦቾሎኒ ለውዝ እንለዋለን። ዓረቦቹ ዘንድ ግን ለውዝ አልሞንድ ነው፤ ዋልነት ደግሞ ጀውዝ።)

ሰውየው አልተሳሳተም። ዋልነት ከዘር ሲበቅል የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል። አንዴ ከያዘ ግን ከ100 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ነብያችን (ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም) ሙስሊም ከተከለው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል። እስቲ አስቡት፤ እናንተ ቀብር ውስጥ ሆናችሁ፣ አንዲት ወፍ ቅርንጫፉ ላይ ቁርሷን ስትበላ!

ብዙዎቻችን ገጠር የቤተሰብ መሬት አለን። አባት ደውሎ «ይህን ጥግ ምን እናድርገው?» ሲል፣ ስልኩን ቶሎ ለመዝጋት «ባሕር ዛፍ ትከሉበት» እንላለን። ባሕር ዛፍ ሐራም ነው አልልም፤ ስንቱን ቤት አቁሟል። ግን የኬንያን ገበሬዎች ተመልከቱ። በኬንያ ተራራ ዙሪያ፣ ቡና በሚበቅልበት ደጋ፣ በትንንሽ ማሳ ላይ ማካዳሚያን ከቡናው ጋር ያለማሉ። እሱም ዓመታት ያስጠብቃል።

ትልቁ ፈተና ደግሞ ፍሬው ከመጣ በኋላ ነው። ማካዳሚያ ሲደርስ ራሱ መሬት ይወድቃል። ገበሬው ግን ገንዘብ ሲቸግረው፣ ወይም ሌባ እንዳይቀድመው ሲሰጋ፣ ያልደረሰውን ያወርደዋል። ውስጡ ዘይት አልሞላም፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከላይ የሚያየው ገዢ በቀላሉ አይለየውም። ከደረሰው ጋር ቀላቅሎ የሸጠ ሰው ምን እንደሠራ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ነብያችን (ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም) ገበያ ላይ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ያገኙበትን ቀን አስታውሱ። ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ እንዳይሸጥም ከልክለዋል።

ስለ ሌባውስ? እዚህ ላይ እኔን የሚገርመኝ ነገር አለ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ከተከላችሁት የተሰረቀው እንኳ ለእናንተ ሰደቃ ሆኖ ይቆጠራል። ሌባው ወንጀሉን ይሸከማል፤ እናንተ አጅራችሁን። ታዲያ ሌባን ፈርቶ ጥሬውን ማውረድ ምን ይባላል?

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባታችሁ ጋ ደውሉ። ክረምት ላይ ያ ጥግ ውኃ ይተኛበት እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ዋልነትም ሆነ ማካዳሚያ ሥሩ ላይ ውኃ ሲቆምበት አይወድም። በአካባቢው የትኛው እንደሚበቅል ከግብርና ባለሙያው ጋር ይነጋገሩ። «ልጄ፣ እኔ ይህን ፍሬ አልደርስበትም» ካሏችሁ፣ የደማስቆውን ሽማግሌ ንገሯቸው።