ከእጅ ወደ እጅ

ንባብ፦ ዘዳግም 6፥4-9 እና 20-25፤ የሐዋርያት ሥራ 10



እግዚአብሔር ሕጉን በሰው ልብ እንደ ጻፈ ሐዋርያው በሮሜ 2፥15 ያስተምረናል። ይሁን እንጂ ያ ጽሕፈት እንዴት እንደሚነበብ ሕፃን የሚማረው ከሰው ነው። ማንን ማክበር፥ ማንን መናቅ፥ ለማንስ ማዘን እንደሚገባው፥ ገና መጠየቅ ሳይችል ከእናቱ ፊትና ከአባቱ ድምፅ ይቀበላል። በኋላ አድጎ «ይህ የእኔ አሳብ ነው» ይላል፤ ነገር ግን የሚበዛው ከሌላ እጅ የመጣ ነው።

ይህን ነገር በቦረና ምድር በዓይን ማየት ይቻላል። በዚያ ቱላ የሚባሉ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፤ እጅግ ጥልቅ ስለ ሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ቀድቶ ከብቱን ሊያጠጣ አይችልም። ጎበዛዝት ከታች እስከ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፥ እየዘመሩ፥ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ቀድሞ መቅጃው ከቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲኩ በዝቷል። ተራ የሚያስጠብቀው ሰው አባ ሄሬጋ ይባላል። የእረኛው ልጅ በገንዳው አጠገብ ቆሞ ይመለከታል። ስለ መተባበር ማንም ንግግር አላደረገለትም ይሆናል፤ ነገር ግን የአባቱ ከብት የቱን ያህል ቢጠማ ተራውን አልፎ እንደማይጠጣ ያያል። ደግሞም ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው ከየበረቱ አዋጥቶ ሲያቋቁመው ያያል፤ ይህንም ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ሕዝቡም የተቀበለውን ሁሉ ሳይመረምር አያስተላልፍም። በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስቦ ሕጉን ይመለከታል፤ የሚጸናውን ያጸናል፥ ዘመኑ ላመጣውም ነገር ደንብ ያወጣል።

እኛ ደገኞችስ? ልጆቻችን «ዘላን» የሚለውን ቃል ለስድብ መጠቀምን ከየት ተማሩት? መምህሩ በሰሌዳ ላይ አልጻፈላቸውም። ቡና ሲፈላ፥ እንግዳ ሲስቅ፥ አባት ስለ ቆላ ገበያ ሲያወራ ሰሙት። አንድ ቃል ብቻ ነበረ፤ በውስጡ ግን ስለ ሰው ልጅ አንድ ትልቅ ትምህርት ነበረበት፥ ያውም ሐሰተኛ ትምህርት። ሉተር በ1528 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሳክሶኒያ ያሉትን ማኅበራት ጎብኝቶ የሕዝቡን አለማወቅ ባየ ጊዜ፥ በሚከተለው ዓመት ትንሹን ካቴኪዝም ጽፎ አባወራው ቤተሰቡን እንዲያስተምርበት አደረገ። በቤት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ትምህርት እንደሚሰጥ ያውቅ ነበርና። (ብዙ አባወራ ግን ዛሬ ይህን ሥራ ለወንጌላዊው ትቶታል።)

እንግዲህ እንዲህ ያለው የተወረሰ አሳብ በምን ይለወጣል? ዋልዳን እንመልከት። ዋልዳ በኬንያ በኩል በሞያሌ አገር የምትገኝ የአርብቶ አደሮች ምድር ናት። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል የቦረና ሕዝብ በድንበር ተከፈለ፤ ከዚያም ወዲህ ግማሹ እዚህ፥ ግማሹ እዚያ ይኖራል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበሩን ተሻግረው ሸሹ፤ በዋልዳም የስደተኞች ሰፈር ቆመላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ሰፈር ተዘግቶ ብዙዎቹ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ወደሚያገለግልበት ወደ ካኩማ ተወሰዱ።

ነገሩን አስቡት። በልጅነቱ «ዘላን» እያለ ያደገ ሰው አሁን ራሱ ቤት የለውም፤ የተቀመጠውም እርሱ በናቃቸው ሰዎች ምድር ነው። አገሩ ደረቅ ነው፥ ግጦሹም ለባለቤቶቹ ከብት እንኳ አይተርፍም። ማንም አልሰበከለትም፤ የቆመበት ስፍራ ግን ተለወጠ።

ጴጥሮስም እንዲሁ ነበረ። ሦስት ዓመት ያህል ከጌታ ጋር ተመላልሶ፥ በበዓለ ኀምሳ መንፈስ ቅዱስን ተቀብሎ፥ ገና ከእናቱ ቤት ያመጣው ክልከላ በልቡ ነበረ። ራእዩ ሦስት ጊዜ ተደገመለት፤ ራእዩን አይቶም ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ያመነታ ነበር። ያስተዋለው በቆርኔሌዎስ ቤት ደጃፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በዚያም ቤት ጥቂት ቀን ተቀመጠ። ከዚህም በኋላ በአንጾኪያ ሰውን ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ እንደ ራቀ በገላትያ 2 እናነባለን። የልጅነት ትምህርት በአንድ ቀን አይነቀልምና፤ ስለዚህ ጳውሎስ በሁሉ ፊት ሊቃወመው አስፈለገ። ማኅበርም ለዚህ ያስፈልጋል።

በዘዳግም 6፥20 ልጁ ስለ ሥርዓቱና ስለ ፍርዱ ይጠይቃል። አባቱም አስቀድሞ ትእዛዝ አይቆጥርለትም፤ በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ፥ እግዚአብሔርም በጽኑ እጅ እንዳወጣቸው ታሪኩን ይነግረዋል። ስደተኛውን የመውደድ ትእዛዝም በዘዳግም 10፥19 በዚሁ ታሪክ ላይ ቆሟል። አባት ታሪኩን ከሸሸገ ልጁ ትእዛዙን ያለ ሥር ይቀበላል። ከስደት የተመለሱ ብዙ አባቶች ግን ዝም ይላሉ፤ የረኀቡንና የውርደቱን ቀን ማንሣት ያሳፍራቸዋል። ልጆቻቸውም በሞላ ቤት አድገው ያንኑ የድሮ ስድብ ከጎረቤት ይማራሉ።

በየማኅበራችን በስደት የኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ካሉ፥ በሚመጣው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሕፃናቱን ሰብስበው እንዲነግሩአቸው እንለምናቸዋለን። ስለ ራባቸውና ስለ ጥማቸው ሳያፍሩ ይንገሩ፤ የተቀመጡበትም ምድር የማን እንደ ነበረ ሕዝቡን በስሙ ይጥሩት።