የእንጨቷ ፍየል ርቢ

በአበርገሌ ቆላ አንድ ጠራቢ ነበር እንበል። ተከዜ ዳር የሚኖር ሰው ሀብቱ ፍየል ነው፤ የእሱን ግን ድርቅ ጨረሰበት። በረቱ ባዶ በቀረ ጊዜ ከቁርቁራ ግንድ አንዲት ፍየል ጠረበ። በፋስ ቅርጿን አወጣ፣ ወገቧንና ጡቷን በመሮ ፈለፈለ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ግልገሏን የምትጠራ አስመሰላት። የግራ ቀንዷ ጫፍ ላይ እንጨቱ ስንጥቅ ነበረበት፤ እንዳለ ተወው። ሰቆጣ ገበያ አውጥቷት አንድ ነጋዴ በግልገል ዋጋ ገዛት። ገበያተኛው “አትታለብ፣ አትታረድ” እያለ ሳቀበት።

ጠራቢው መጥረቡን አላቆመም። ዓመት ዓመትን ሲተካ ስሙ ከሰቆጣ አልፎ አዲስ አበባ ገባ፤ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ደጁን ያንኳኩ ጀመር። ያኔ ነጋዴው የመጀመሪያዋን ፍየል ለጨረታ አቀረባት። ሁለት ባለጸጎች እልህ ተጋቡባት፤ መዶሻው ሲያርፍ ዋጋዋ የአንድ ሙሉ መንጋ ሆኖ ነበር።

ወሬው አበርገሌ ሲደርስ ጠራቢው ነጋዴውን ሽማግሌ ፊት አቆመው።

“ፍየሌ ወልዳለች፤ ድርሻዬን ይስጠኝ” አለ።

“አያ፣ እኔ እኮ ገዛኋት እንጂ ለርቢ አልወሰድኳትም። ምስጥ ቢበላት ገንዘቤን ትመልስልኝ ነበር?”

“አልመልስም። ግን ማን መገባት? አንተ ከቤትህ ጥግ አቆምካት እንጂ አንድ ቅጠል አልቀነጠስክላትም። ያሳደጓት ከእሷ በኋላ የጠረብኳቸው ናቸው። እኔ ያኔ መሮዬን ብሰቅል ኖሮ ዛሬ ማገዶ ነበረች።”

“እኔስ? ማንም ሳያውቅህ ገዝቼ፣ ለወጪ ለወራጁ እያሳየሁ ስምህን የነዛሁት እኔ አይደለሁም? ከዚያ ወዲህ በስንት እንደሸጥክ አንተው ታውቃለህ።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የርቢን ወግ ያውቁታል፤ ባለቤቱ እናቲቱን ይሰጣል፣ አርቢው ያግዳል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። ከሞተች አርቢው ቆዳዋን ያሳያል፤ ማንም ለማንም አይከፍልም። “ልጆቼ” አሉ፣ “ሳታውቁት ርቢ ገብታችኋል፤ ባለቤቱ ነጋዴው፣ አርቢው ጠራቢው ነው። የእናቲቱ ዋጋ የነጋዴው ነው፤ ግልገሎቹን ግን ተካፈሉ።”

ክርክሩ ተረት ብቻ አይደለም፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በእውን ተደርጓል። በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ሮበርት ስከል የተባለ የሥነ ጥበብ ሰብሳቢ ከስብስቡ 50 ሥራዎችን ለጨረታ አወጣ። በ1958 በ900 ዶላር የገዛው የሮበርት ራውሸንበርግ ሥራ በ85,000 ዶላር ተሸጠ። ሠዓሊው አዳራሹ ውስጥ ነበርና ስከልን ገፈተረው፤ ለአንተ ትርፍ ስለፋ ኖርኩ ማለቱ ነበር። የስከልም መልስ ከነጋዴው መልስ አይርቅም፤ እኔም ለአንተ ስሠራ ነበር አለው።

ደራሲ መጽሐፉ በታተመ ቁጥር ይከፈለዋል፤ ቀራፂ ግን እናቲቱን አንዴ ሸጦ ያበቃል። የኛው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በተሰበሰበ የኮምፒውተር ሰሌዳና በእጅ በተጎነጎነ ሽቦ በሚሠራቸው ሥራዎቹ በ2022 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ ቀርቧል። ቀደም ብሎ የሠራውን አንዱን ገዝቶ ሳሎኑ የሰቀለ ሰው አለ እንበል፤ ከግድግዳው ላይ አንዲት ሽቦ ሳትነቃነቅ ዋጋው የሚወጣው ኤልያስ ዛሬም ስለሚጎነጉን ነው።

ይህ ገብቷት ፈረንሳይ በ1920 እ.ኤ.አ. ከዳግም ሽያጭ ለሠሪው ድርሻ የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ለአባላቱ ሁሉ መመሪያ አደረገው። ድርሻው ለመጀመሪያው 50,000 ዩሮ ባብዛኛው 4 በመቶ ነው፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር መቶኛው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሥራው በሚሊዮኖች ቢሸጥም ለሠሪው ከ12,500 ዩሮ አያልፍም።

ይህ ሕግ ለአበርገሌ ሽማግሌዎች ቢነበብላቸው ሁለት ቦታ ላይ የሚያስቆሙ ይመስለኛል። አንደኛው ይኸው ጣሪያ ነው፤ መንጋው በበዛ ቁጥር የአርቢው ድርሻ የሚያንስበት ርቢ አያውቁም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ክፍያው የሚሰላው ከትርፉ ሳይሆን ከመሸጫው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ከስሮ ቢሸጥም ይከፍላል። ፍየሏ ከሞተችበት ሰው ግልገል መጠየቅ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ እኔም ከነጋዴው ጋር ነኝ።