ኮከባችን አልገጠመም

«ኮከባችን አልገጠመም» የሚለውን ቃል በዕድሜዬ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት። እሱም ቢሆን በዝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ባደግሁባት በጉንደ ወይን የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ጉንደ ወይን ለማያውቃት ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች የጎንቻ ሲሶ እነሴ ከተማ ናት። እዚያው የምትሠራ አንዲት ልጅ ወደድኩ፤ እሷም ወደደችኝ። ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። በእኛ አገር ጋብቻ የሚጀምረው በቆጠራ ነው። መጀመሪያ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ይቆጠራል። ተቆጠረ፤ ጠራ። እፎይ ልል ስል እናቴ፣

«ዘሩስ ጠራ፤ ኮከቡስ?» አለች።

ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማር ይዛ፣ ኮከብ ያውቃሉ ወደሚባሉ አንድ ደብተራ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። «ልጄ፣ አንተ እሳት ነህ አሉ። እሷ ደግሞ ውኃ። ውኃ እሳትን ምን እንደሚያደርገው አንተው ታውቃለህ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ፣ አስቄያት ባለፍኩ ነበር። ያን ዕለት ግን ዝም አልኩ። በሳምንቱ ለልጅቷ ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ጥቂት አሰበችና፣ «እናትህ ቤት ስገባ ስም ያወጡልኝ የለ እንዴ? ያኔ ኮከቤም አብሮ ይቀየራል። ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሒሳብ መምህሩ እኔ ነኝ፤ ሒሳቡን የሠራችው እሷ ናት።

ያለችው ነገር እንዲገባችሁ ስለ ቆጠራው ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ኮከብ ቆጣሪ ሲባል ሌሊት ደጅ ወጥቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው ይመስለዋል። በዐውደ ነገሥቱ ስሌት ግን ሰማዩን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ለየፊደሉ ቁጥር ተሰጥቶታል። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይናገራል። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሠውር፣ ሦስት ከተረፈ ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። 12ቱ ኮከቦች ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው ለአራቱ ባሕርያት ይከፈላሉ። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት ውኃ። የተቀሩት የመሬትና የነፋስ ናቸው።

እንግዲህ ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ማውጣት የቆየ ልማዳችን ነው። ስሟ ሲለወጥ ድምሩ ይለወጣል። ድምሩ ሲለወጥ ቀሪው ሊለወጥ ይችላል። ልጅቷ ያለችው ይህንኑ ነው። እናቴ ከፈለገች ውኃይቱን በአንድ ቀን ነፋስ፣ ወይም እንደ እኔው እሳት ልታደርጋት ትችል ነበር። ይህ ለእኔ ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም። እንዲታየኝ አልፈለግሁም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ የሚኖር አንድ ወጣት ዘመዴ ደወለልኝ። ሥራውን ለቅቋል፤ ከሚስቱም ተለያይቷል። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ብለው፣ «ሃያ ዘጠኝ ሞላኝኮ! ሳተርን ተመልሳ ነው» አለኝ። የፈረንጅ ኮከብ ቆጣሪዎች እንዲህ ይላሉ። የእኛዎቹ ዙሐል የሚሏት ሳተርን ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ሰው ሲወለድ ወደነበረችበት ቦታ ስትመለስ ሕይወቱን ትፈትነዋለች፤ ትዳሩን፣ ሥራውን፣ ቤቱን ታናውጣለች። በሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ደግሞ እንደገና ትመጣለች።

ሃያ ዘጠኝ! የእኔም ዕድሜ ያኔ ሃያ ዘጠኝ አልነበር? አልዋሻችሁም፤ ለአፍታ ደስ አለኝ። ጥፋቴን የሚሸከምልኝ ትልቅ ነገር ተገኘ፤ ያውም ቀለበት ያለው። እኔ ለልጅቷ ያላሰርኩላትን።

ይህን የገጠር ሰው አለማወቅ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በጥይት ተመትተው ከተረፉ በኋላ ባለቤታቸው ናንሲ የኮከብ ቆጣሪ ምክር ይዘው የባላቸውን የጉዞና የስብሰባ ቀን ያስመርጡ ነበር። ነገሩ በ1988 የቀድሞ የቤተ መንግሥቱ ሹም በጻፉት መጽሐፍ ወጣና አገር ጉድ አለ። እኔ ግን ናንሲን አልስቅባቸውም። ባሏ በጥይት የተመታባት ሴት በማግስቱ ከቤት ሲወጣ ምን እንደሚሰማት ማንም ያውቃል። ሰው ኮከብ የሚያስቆጥረው ደህና በሆነበት ቀን አይደለም። ልጅ ሲዳር፣ ሥራ ሲለቀቅ፣ አገር ጥሎ ሲወጣ፣ እግሩ ደፍ ላይ ሲቆም ነው።

ቆጠራው እውነት ይናገራል ወይ? እሱ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሾን ካርልሰን የተባለ የፊዚክስ ሰው ውጤቱን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። ለኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሰንጠረዥና ሦስት የጠባይ መግለጫ ሰጣቸው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ የሰውየው ነው፤ ለዩልኝ አላቸው። ዐይኑን ጨፍኖ የሚመርጥ ሰው ከሦስት አንድ ጊዜ ይሳካለታል። እነሱም ከዚያ አልተሻሉም።

ታዲያ ዑደት ሁሉ ከንቱ ነው? እንዲህስ አልልም። ከዑደት ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የለም። በባሕረ ሐሳብ ሰባት ዓውዶች አሉ። ሰባት ቀን ከሚዞረው ዓውደ ዕለት ተነስተው 532 ዓመት እስከሚዞረው ዓውደ ቀመር ይደርሳሉ። ዓውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው፤ ከሳተርን ዙር ብዙም አይርቅም። መስከረም ሲጠባ ዓመተ ዓለሙ በ4 ይገደፋል፤ አንድ ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ዘመነ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ደብተራው የእኔን ስም በ12 ሲገድፉ፣ ያው ዓይነት ሒሳብ ነው የሠሩት። መደመር፣ መግደፍ፣ ቀሪውን ማየት።

ልዩነቱ ግን ቀሪው ምን እንዲናገር እንደምንጠይቀው ነው። ባሕረ ሐሳብ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ይነግረኛል፤ እጾማለሁ ወይስ አልጾምም የሚለውን ለእኔ ይተወዋል። የስም ቆጠራው የሚመጣውን ጊዜ አልነገረኝም፤ እኔ ልመልሰው የሚገባኝን መልስ ነው የመለሰልኝ። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሔኖክም ይህን ልዩነት የሚያውቅ ይመስለኛል። በስምንተኛው ምዕራፍ ኮከብ መመልከትን ለሰው ካስተማሩት መካከል የወደቁት መላእክት አሉ። ከ72ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ደግሞ መልአኩ ዑርኤል የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ፣ የዓመቱን ቀን ቁጥር ለሔኖክ ሲያሳየው እናነባለን። ያው ሰማይ ነው። አንዱ ሰው ጊዜውን ይለይበታል፤ ሌላው ከውሳኔው ይሸሸግበታል።

እኔ የተሸሸግሁት ከምን ነበር? አሁን ስናገረው ቀላል ነው። ፈርቼ ነበር። ደሞዜ አነስተኛ ነበር፤ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ የመሄድ ሐሳብ ነበረኝ፤ ጎጆ መውጣት አንገቴ ላይ የሚጠለቅ ቀንበር መስሎ ታየኝ። ለልጅቷ «ፈራሁ» ብላት ወይ ታደፋፍረኝ ነበር፣ ወይ ትስቅብኝ ነበር፣ ወይ ትታኝ ትሄድ ነበር። ሦስቱም ከእኔ ጋር የሚደረጉ ነገሮች ናቸው። «ኮከባችን አልገጠመም» ስላት ግን የምትሟገተው ሰው አሳጣኋት። ከኮከብ ጋር ማን ይሟገታል? ቆጠራው ትክክል ይሁን ስሕተት፣ በደሉ እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አገሬ ሄጄ ነገሩን ለእናቴ አነሳሁባት። አርጅታለች። ትንሽ ልወቅሳትም አስቤ ነበር። «አንቺ አይደለሽ ያስቀረሽኝ» አልኳት።

«እኔ?» አለች። «እኔማ ፊትህን አይቼ ነው የሄድኩት። ሽማግሌ ይላክ ከተባለ ወዲህ እህል እንኳ አልበላህ ይልህ ነበር። ‘ይቅርብኝ’ ማለት አቅቶህ መስሎኝ።»

ቡናው ሲፈላ ዝም ብለን ቆየን። ለካ እናቴም ያነበበችው ኮከቤን ሳይሆን ፊቴን ኖሯል። ለእኔ አዝና መውጫ ፈለገችልኝ፤ እኔም ወጣሁበት። ከሦስታችን ኮከቡን ከምሩ አድርጋ የተከራከረችው፣ መፍትሔም ያመጣችለት፣ ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። ዕዳውንም የከፈለችው እሷው ናት።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ልትዳር ነው። እናቴ የልጁን እናት ስም ማጠያየቅ ጀምራለች። አልከለከልኳትም። የእህቴን ልጅ ግን ለብቻዋ ጠርቼ፣ «ፈርተሻል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ትንሽ» አለችኝ።

«እንግዲያው ለእሱው ንገሪው» አልኳት።