ያለ ጉዳይ ከተማ መግባት

ሰው ያለ ጉዳይ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ይገባዋል ወይ? ጥያቄውን ያነሣነው እኛ አይደለንም፤ ያነሣብን አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነው። ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ማታ ጫማችን አቧራ ለብሶ፣ ፊታችንን ፀሐይ መትቶት፣ እየሣቅን ስንገባ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ቀና አለና «አዲስ አበባ ምን ጉዳይ ነበራችሁ?» አለን። «ምንም» አልነው። «ምንም ጉዳይ ሳይኖራችሁ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ መጣችሁ?» «አዎ።» «ገበሬ አባት በላከላችሁ ገንዘብ?» እዚህ ላይ ሣቁ ቆመ።

ነገሩን በቀልድ ልናልፈው ብንሞክር አላልፍ ብሎን ሰነበተ። ስለዚህ በዚህች መጽሔታችን ላይ፣ አንባቢው ዳኛ እንዲሆነን፣ ከሥሩ ልንመረምረው አሰብን።

አስቀድመን ያደረግነውን እንናገር። ሦስት ነን። ከደብረ ብርሃን የተነሣነው ገና ሳይነጋ በመጀመሪያው መኪና ነው። የጥርን ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም እያልን እጃችንን በብብታችን ከተን ተጓዝን። በኪሳችን ከካፌ ያስቀመጥነው ዳቦ፣ በፌስታል የታሰረ ቆሎም ነበረን። ሸኖንና አለልቱን በእንቅልፍ አልፈን ሰንዳፋ ላይ ፀሐይ ወጣችልን። ላምበረት መናኸሪያ ስንወርድ እሑድ ጧት ነውና የጠበቅነው ግርግር የለም። ወያላው እንኳ የሚጠራው ሰው ስላጣ ድምፁን ቀንሶ፣ እንደ ሰው ተናገረን።

አራት ኪሎ ወርደን ወደ አምስት ኪሎ በእግራችን ወጣን። የብሔራዊ ሙዚየሙ መግቢያ ለአገሬው ሰው የሚከብድ አይደለም። ድንቅነሽ ዘንድ ወረድን። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ፤ ለሕዝብ የሚታየው የአጥንቷ ቅጂ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር አንድ ጊዜ መጥተን «አይተናታል»፤ ያኔ ያየነው ግን ከፊታችን የቆመውን ልጅ ማጅራት ነበር። አሁን ሦስታችን ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ፊቷ ቆምን። «እለፉ፣ እለፉ» የሚል አልነበረም። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ከእኛ አንዱ «ታናሽ እኅቴን ታክላለች» አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም የተናገረ የለም።

ከዚያ ስድስት ኪሎ ወጥተን የየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ቁጭ አልን። በሥራ ቀን መኪና ይዞረዋል፣ ሰው ይጋፋበታል፣ ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። እኛ ግን በጎኑ የተቀረጹትን፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ያለቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ለማየት ጊዜ አገኘን። ቆሎውን እዚያ መብላት ነውር ይሆን ብለን ተጠያይቀን ወደ ኪሳችን መለስነው። ምሳ አንድ በያይነቱ ለሦስት ነበር፤ ባለቤቲቱ አዘነችልን መሰለን እንጀራ ጨመረችልን። ደስ አለን። ይህን መካድ ሐሰት ነው። ደስ አለን!

እንግዲህ ክሱን እንይ። ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አንልም። ያወጣነው በሙሉ ተደምሮ አንዳንድ ሰው አንድ ቅዳሜ ማታ ለድራፍት ከሚያወጣው ያንሳል፤ ከሳሻችን ይህን ሒሳብ አያጣውም።

ከበድ ያለውን ክስ ያመጣው የፍልስፍና ኮርስ የወሰደ ሌላ ጓደኛችን ነው። ጀርመናዊውን ካንትን ጠርቶ መጣብን። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ የሚለው ባጭሩ፣ አንድ ሥራ ስትሠራ የምትመራበት ደንብ ለሰው ሁሉ ሕግ እንዲሆን መፍቀድ ትችላለህን ብለህ ራስህን መርምር ነው። «ታዲያ» አለን ጓደኛችን፣ «የእናንተ ደስታ ሌላው ሰው ባለመምጣቱ የተገኘ ነው። ሁሉም እሑድ ጧት ሙዚየም ቢገባ ድንቅነሽን ማን ያያታል? ደንባችሁ ለሁሉ ሕግ ሊሆን አይችልምና ምግባራችሁ ብልሹ ነው።»

መልሳችን ይህ ነበር። ቧንቧ ላይ ወረፋ ሳይሠራ ገና በሌሊት ጀሪካኗን ይዛ የምትወርድ ሴት አለች። ሁሉም በሌሊት ቢወርድ ወረፋው ሌሊት ይሆናል። ታዲያ ይህች ሴት በደለች? ውሃው ለሁሉ እስከ ደረሰ ድረስ ማንንም አልበደለችም፤ እንዲያውም ከቀኑ ወረፋ አንድ ሰው ቀንሳለች። የእኛም ደንብ «ሌላው አይምጣ» የሚል አይደለም፤ «ሌላው በማይጣደፍበት ሰዓት ሂድ» የሚል ነው። ይህ ለሰው ሁሉ ሕግ ቢሆን ሰዉ በየሰዓቱ ይበታተናል እንጂ ማንም አይጎዳም። የካንቱ ጓደኛችን ጥቂት አሰበና «ልክ ሳትሆኑ አትቀሩም» አለ፤ ፊቱ ግን አልረካም ነበር። እኛም አልረካንም።

ከካንት ይልቅ ያስጨነቀን ፍሬድ ሂርሽ ነው። ይህ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ዕድገት ማኅበራዊ ወሰን ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንድ መልካም ነገሮች የሚያገኟቸው ሰዎች በበዙ ቁጥር ዋጋቸው እንደሚወርድ አሳየ። እንጀራ እንዲህ አይደለም፤ ጎረቤት ስለበላ የእኛ እንጀራ አይጎመዝዝም። ጸጥታ ግን እንዲህ ነው። ጸጥታን የሚያገኘው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ ጥቂቶቹ እነማን ናቸው? የቀሩትስ ለምን ቀሩ? ወደሚል ይዞራል። ያን ዕለት ጧት የአዲስ አበባ ሰው የት ነበር? ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ገሚሱ አልጋው ውስጥ። በፈቃዱ የቀረ ሰው ባዶ ቦታውን ቢተውልን ምን ዕዳ አለብን? ይህን ብለን ራሳችንን ነጻ ልናወጣ ነበር።

በዚህ ሁሉ ክርክር ከሦስታችን አንዱ ዝም ብሎ ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ «እናቴ አዲስ አበባን ሦስት ጊዜ አይታታለች» አለ።

ሁለት ጊዜ ባሏን ለማሳከም ነው። ከገጠር ቀበሌያቸው ሌሊት በእግር ተነሥተው፣ መኪና ይዘው፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በር ላይ ደረሱ። ካርድ ለማውጣት ወረፋ፣ ካርድ ወጥቶ ሐኪም ለማየት ወረፋ፣ ሐኪም ታይቶ ለምርመራ ሌላ ወረፋ። ማደሪያ የሚሆን ዘመድ ስለሌላቸው በረንዳ ላይ ነጠላ አንጥፈው አደሩ። ምግቡን፣ ታክሲውን፣ መንገድ አሳያለሁ ብሎ የተጠጋቸውን ሰው ጨምሮ የጨረሱት ገንዘብ ልጁ ዛሬም ጠቅላላውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው በሬው እንደ ተሸጠ ነው። ሦስተኛው ጉዞዋ ሴት ልጇን ወደ ዐረብ አገር ለመሸኘት ነበር። የቦሌን አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ነው ያየችው። ስለ አዲስ አበባ ስትጠየቅ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰው ሰውን ሲረግጥ።»

ያን ሌሊት ከዚህ በኋላ የተኛ ሰው ያለ አይመስለንም።

ከተማው ያው አንድ ከተማ ነው። መንገዱም ያው፣ ላምበረትም ያው። እኛ ርካሽና ሰው የማይበዛበት አልነው፤ እሷ በሬ አስከፈላትና ሰው ረገጣት። ርካሽነትና ጸጥታ የከተማው ጠባይ የመሰሉን ለዚህ ነው ስህተታችን፤ የመጪው ሰው ጠባይ ናቸው። ከከተማው ምንም የማይፈልግ ሰው እሑድን መምረጥ ይችላል። ችግር ያለበት ሰው የሚሄደው ሰኞ ነው፤ ቢሮ የሚከፈተው፣ ካርድ የሚወጣው፣ ፊርማ የሚፈረመው ሰኞ ነዋ! ችግሩ ቀን አያስመርጠውም። በዚያ ላይ ከተማው አያሳርፈውም፤ ሐውልት ሥር ቁጭ ብሎ የተቀረጸ ፊት ልመልከት ቢል ወረፋው ያልፈዋል።

ታዲያ አንሂድ? ይህ የመነኩሴ መልስ ነው፤ እኛ ደግሞ መነኮሳት አይደለንም። እኛ እሑድ ደብረ ብርሃን ብንቀር የሆስፒታሉ ወረፋ በአንድ ሰው አያጥርም። ጥፋታችን መሄዱ ላይ አይደለም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ «አዲስ አበባ ለካ እንዴት ያለች ቀላል ከተማ ናት! ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያማርራት» ተባብለን ነበር። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው እንላለን። የእሑድን ከተማ አይተን ስለ ሰኞዋ ፈረድን፤ የሚያማርሩትንም ዋሾ አደረግናቸው። የሰኞውም ሰው በበኩሉ ግማሹን ተነፍጓል። ያች እናት ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቀውን ያን ሁሉ አላየችም፤ ሲኖር አልነገራትም ማንም።

አንድ ያልተናገርነው ነገር አለ፤ ስለ ከሰዓት በኋላው። ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወርደን ነበር። የዓድዋ ድል መታሰቢያን፣ የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ከውጭ ተመልክተን በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍን። ንጹሕ ነው፣ ሰው የለም፣ ንፋስ ይነፍሳል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች እንደፈረሱና ነዋሪው ወደሌላ ቦታ እንደተዛወረ እናውቃለን፤ ግን ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ አላሰብነውም። አንድ ሽማግሌ ከጊዮርጊስ ተሳልመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። «አባባ፣ ይቀመጡ» ብለን ጠጋ አልንላቸው። ከየት እንደመጣን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ከዚያ በመቋሚያቸው ጫፍ ወደ አበባው መደብ እያመለከቱ «እዚያ ጋ የእኛ በር ነበር፣ ልጆቼ» አሉን። አሁን የሚኖሩት ከከተማው ዳር ነው። ለመሳለም ሁለት አውቶቡስ ይቀይራሉ። ቤቱ እንዴት ነው ብለን ጠየቅናቸው። «ቤቱስ ደህና ነው። ውሃ አለው፤ ሽንት ቤቱም የራሴ ነው። ጎረቤት ነው የሌለኝ።» ትንሽ ቆየት ብለው ዙሪያውን አዩና «ያምራል እኮ» አሉ፤ ተነሥተውም ሄዱ።

እኛ ጸጥታ ያልነውን እሳቸው ምን ብለው እንደሚጠሩት አልጠየቅናቸውም። ቤቶቹ ያረጁ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤታቸው የወል እንደነበረ የሚነግረን አይጠፋም፤ ሽማግሌውም አልካዱትም። ነገር ግን ተኝቶ የቀረና ተነሥቶ የሄደ ሰው የሚተዉት ባዶ ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከወንበሩ ላይ ሲታይ ግን አይለይም። ሽማግሌው ባይመጡ ኖሮ ይህን ወንበር የቀኑ ምርጥ ቦታ ብለን እንጽፈው ነበር። ለነገሩ ከእሳቸውም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠንበታል፤ ደክሞን ነበር።

ከሳሻችን ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እና ምን ልታደርጉ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በማግሥቱ ጓደኛችን ለእናቱ ስልክ ደወለ። እኛም አጠገቡ ነበርን።

«እማዬ፣ አንድ እሑድ አዲስ አበባ ልውሰድሽ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ማን ታመመ?» አለችው።

«ማንም አልታመመም። እንዲሁ እንድታይ ነው።»

«አትደብቀኝ ልጄ። እኅትህ ናት?»

ማንም እንዳልታመመ፣ እኅቱም ደህና እንደሆነች፣ እሷው ራሷ ባለፈው ሳምንት እንደደወለች ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገራት። ሙዚየሙን ነገራት፣ ሐውልቱን ነገራት፣ በያይነቱውን ሳይቀር ነገራት። በመጨረሻ ድምፅዋ ለዘብ አለ። ካልቀረስ የአባቱን የሆስፒታል ካርድ ይዛ እንደምትመጣ፣ እግረ መንገዷን የቀረውን የምርመራ ውጤት እንደምትጠይቅ ነገረችው።

«እማዬ፣ እሑድ እኮ ዝግ ነው» አላት።

«እንግዲያው ሰኞ ይሁና» አለችው።