የገዙትን ዜማ ስለ መቅዳት

ጠላን ከጋን ማውጣትም፣ ዜማን ከሸክላ ወደ ካሴት ማሻገርም በአማርኛችን «መቅዳት» ይባላል። ቃሉ አንድ ቢሆንም ግብሩ ይለያያል። ጠላው ሲቀዳ ጋኑ ይጎድላል፤ ዜማው ሲቀዳ ግን ሸክላው እንደ ሞላ ይቀራል። ስለዚህም የገዛውን ሙዚቃ በመገልበጡ ሌባ የተባለ ሰው «ከማን ምን ጎደለ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

ካሴት የገዛ ሰው ፕላስቲኩንና ክሩን የራሱ አድርጓል፤ ሊያውሰው፣ ሊሸጠው፣ ቢያሻው ሊሰብረው ይችላል። ዜማውንና ግጥሙን ግን ይሰማቸው ዘንድ ተፈቀደለት እንጂ አልገዛቸውም። ሕጋችን ይህን ልዩነት ካወቀው ቆይቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለድርሰትና ለኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ በአንቀጽ 9፣ ማንኛውም ሰው ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጅ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ደንግጓል። እንደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ያሉ ከዚህ ፈቃድ ውጭ የሆኑ ሥራዎች ቢኖሩም፣ ዘፈን ከእነሱ አንዱ አይደለም።

ነገሩ የሚከብደው «ለግል» በምትለው ቃል ላይ ነው። ሕጉ በዓይነ ኅሊናው ያየው ብቻውን ተቀምጦ የሚያደምጥን ሰው ይመስላል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው አድማጭ ብርቅ ነው፤ ቴፑ የቤተሰቡ ነው፤ ድምፁም አጥር ተሻግሮ ከጎረቤት ይደርሳል። ታላቅ ወንድም ለታናሹ አንድ ካሴት ቢቀዳለት በሕጉ ፊደል ቅጁ የግል መሆኑ ያጠራጥራል። ነገር ግን ይህን ሰው እየቀዳ በየሱቁ ከሚያከፋፍለው ነጋዴ ጋር በአንድ ስም መጥራት ለነጋዴው ከለላ መስጠት ነው። ሁሉ ሌባ ከተባለ ሌባ የሚባል አይኖርምና።

እንግሊዞች ይህን ስሕተት ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1981 የሸክላ አሳታሚዎቻቸው በየቤቱ የሚቀዳው ካሴት ሙዚቃን እየገደለ ነው የሚል ዘመቻ ከፈቱ። ሙዚቃው አልሞተም፤ ዘመቻው ግን መሳቂያ ሆነ። ጀርመኖች ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ሕግ የተሻለ ነገር አስበዋል። በቤቱ የሚቀዳውን ሰው ማንም አይነካውም፤ የመቅጃ መሣሪያው አምራች ወይም አስመጪ ግን ለደራስያን የሚከፋፈል ክፍያ ይከፍላል። እንግዲህ ቀጂው ወንጀል የለበትም፤ ዕዳ ግን አለበት ማለታቸው ነው። ወንጀልንና ዕዳን እንዲህ መለየት ለእኔ ከክርክሩ ሁሉ የላቀው ሐሳብ ነው፤ ምንም እንኳ ግጥም ጸሐፊ የሆነ ሰው በዚህ ነገር ገለልተኛ ዳኛ ነኝ ሊል ባይችልም።

ከማን ምን ጎደለ ለሚለው ጥያቄም መልስ የሚገኘው ከዚህ ነው። በካሴት ዘመን ብዙ ድምፃውያን ሥራቸውን ለሙዚቃ ቤት የሚያስረክቡት ባንድ ጊዜ በሚቆረጥ ዋጋ ነበር። እኛ በየቤታችን ብንቀዳ ያ የተከፈለው ገንዘብ አይቀነስም። የሚቀነሰው ሙዚቃ ቤቱ ለሚቀጥለው ሥራ የሚያቀርበው ዋጋ ነው። ስለዚህ የሚጎድለው ገና ያልተዘፈነው ዜማ ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ አንቀጽ 9 ፈቃዱን ሲሰጥ ስለ ካሣ የሚለው ነገር የለም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ግን የባለመብቶችን ክፍያ በጋራ ለሚሰበስቡ ማኅበራት መንገድ ስለከፈተ፣ ከስልክና ከሚሞሪ ካርድ አስመጪዎች ጥቂት ክፍያ ተቀብሎ ለገጣሚውና ለዜማ ደራሲው ማድረስ የማይሞከር አይደለም። እኔ ቢሞከር እወድዳለሁ። ይሁንና አስመጪው የከፈለውን ከዕቃው ዋጋ ላይ መጨመሩ አይቀርም፤ የልጁን ፎቶግራፍ ለማስቀመጥ ሚሞሪ ካርድ የገዛው የቀን ሠራተኛም ላልቀዳው ዘፈን ይከፍላል ማለት ነው። ሳንቲሟ የትኛው ገጣሚ ዘንድ እንደ ደረሰች ማኅበሩ በመዝገብ ሊያሳየው ካልቻለ፣ የዚያ ሰው አቤቱታ ከእኛ ከደራስያኑ አቤቱታ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።